ድርጅት እየመራችሁ ምን ታነባላችሁ? ከሚያማችሁ ቦታ ጀምሩ

የእህቴ ልጅ የልብስ ስፌት ቤት ከከፈተች ሁለት አመት ሊሞላት ነው፣ አስራ አንድ ሰራተኛ አላት። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ቁጭ ብለን "ጋሼ አንተ የምታነባቸውን ንገረኝና እኔም ላንብብ፣ ስራው እኮ እየበለጠኝ ነው" አለችኝ። የድሮው እኔ ብሆን ኖሮ አስራ አምስት ፒዲኤፍ በቴሌግራም እልክላት ነበር፣ እሷም አንዱንም ሳትከፍተው ስልኳ ሲሞላ ታጠፋው ነበር። አሁን ግን "ምኑ ነው የበለጠሽ?" ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች፣ ትንሽ አሰበችና "ትዛዝ እቀበላለሁ በቀኑ አላደርስም" አለች። በቃ መፅሀፉን የሚመርጥልሽ እሱ ነው አልኳት።

ይሄ ነገር እስኪገባኝ ብዙ ብር ከስሬበታለሁ። የቤትና የቢሮ እቃ ወርክሾፕ ነው ያለኝ፣ እንጨትም ብረትም እንሰራለን፣ በሶስት ሰው ጀምረን አሁን ሀያ ስድስት ደርሰናል። ዘጠኝ ሰው አካባቢ እያለን መፅሀፍ የመግዛት አባዜ ያዘኝ፣ ብሄራዊ ቴአትር ጀርባ ካሉት መፅሀፍ ሻጮች ጋር ጓደኛ ሆንኩ፣ ሽፋኑ ላይ ሚሊየነር፣ ስኬት፣ አስተሳሰብህን ቀይር ምናምን የሚል ካለ አላልፈውም። ማታ አነባለሁ፣ ጠዋት ሞቅ ብሎኝ እመጣለሁ፣ ልጆቹን ሰብስቤ አወራለሁ፣ ሙቀቱ እስከ ምሳ ሰአት ይቆያል። ከምሳ በኋላ ያው ሶፋው አልደረሰም፣ ደንበኛው ይደውላል፣ ቀብዱ ደግሞ ተበልቷል። መፅሀፎቹ መጥፎ ናቸው እያልኩ አደለም፣ ሰው ሲወድቅበት ያነሳሉ፣ የኔ ችግር ግን የሞራል አልነበረም፣ የቀለም ቤት (እቃ የምንቀባበት ክፍል) ችግር ነበር፣ እሱን ደግሞ ማንም ሚሊየነር አልፃፈልኝም።

ስለዚ አመራረጡ እንዲህ ነው። አንድ ወረቀት ያዙና ባለፉት ሶስት ወራት እንቅልፍ የነሳችሁን ነገር ዘርዝሩ፣ በሰው ስምና በብር ልክ። "ማኔጅመንት ላይ ክፍተት አለብኝ" ብላችሁ አትፃፉ፣ እሱ የስልጠና ቋንቋ ነው። "12 ጠረጴዛ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ቅጣት ከፈልን"፣ "ካሸሯ ስትለቅ ማን ምን እንዳለብን የሚያውቅ ጠፋ"፣ "ሽያጭ ጨምሮ ደሞዝ መክፈያ አጣሁ" እንደዚ ነው የሚፃፈው። ከዛ ደጋግሞ የመጣውን አክብቡት። ቀጣዩ መፅሀፋችሁ ስለሱ ብቻ ይሆናል፣ ሌላው የቱንም ያህል ቢወራለት ይቆያል።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር ግን አለ፣ እሱም መፅሀፍ አደለም፣ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። አውቃለሁ ደረቅ ነው፣ አንብቡ ተብሎ ሲመከርም ሰምቼ አላውቅም። ግን ሰው ቀጥሮ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁን ያላነበበ አለቃ መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ ሲኖትራክ የያዘ በሉት። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፣ አማርኛና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ታትሟል፣ አንዱ ግራ ሲያጋባችሁ ወደሌላው ታያላችሁ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የስራ ቀን እንደማይበልጥና በፅሁፍ መሆን እንዳለበት፣ የመጀመሪያው አመት የአመት ፈቃድ 16 የስራ ቀን እንደሆነ፣ የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30 ከወለደች በኋላ 90 ቀን እንደሆነ ሁሉም እዛ ነው ያለው። እኔ አንዱን በያጅ በማርፈዱ ተናድጄ "ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ" ብዬ ሸኘሁት፣ ከሰሰኝ፣ ፍርድ ቤት የተጠየቅኩት ደግሞ አንድ ነገር ነው፣ የፅሁፍ ማስጠንቀቂያው የታለ? የለም። ህጉ ማርፈድን ለማሰናበት የሚቀበለው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ሲደርስ፣ እሱም በፅሁፍ ተነግሮት እያለ ሲሆን ነው፣ እኔ ደግሞ አመቱን ሙሉ በአፌ ነበር የምጮኸው። የከፈልኩት ካሳ አንድ ጥሩ የብየዳ ማሽን ይገዛ ነበር፣ አዋጁን ለማንበብ ግን ሁለት ማታ ብቻ ነው የሚፈጀው።

የንግድ ህጉም በ2013 ተቀይሯል፣ አዋጅ 1243 ነው፣ የ1952ቱን ስለ ማህበራት የሚያወራውን ክፍል ጨምሮ የተካው። ሙሉውን ማንበብ አይጠበቅባችሁም፣ እናንተን የሚመለከተውን የማህበር አይነት ብቻ አንብቡ። ለምሳሌ አሁን ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ማቋቋም ይቻላል፣ ድሮ ቁጥር ለማሟያ ወንድም ወይ ሚስት ይገባ ነበር፣ በኋላ ፀብ ሲመጣ ያ የማሟያ ድርሻ እውነተኛ ድርሻ ሆኖ ቁጭ ይላል። ታክስ ላይ ደግሞ ቀኑን አይታችሁ አንብቡ፣ የቫት አዋጁ በ2016 ተቀይሯል የገቢ ግብሩ በ2017 ተሻሽሏል፣ ቴሌግራም ላይ ግን የድሮው ፒዲኤፍ አሁንም ይዞራል። የታተመውን ነጋሪት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ሌሎቹ። ለእህቴ ልጅ የሰጠኋት ዘ ጎል የሚባለውን ነው፣ በፈረንጆቹ 1984 የወጣ፣ ኤሊያሁ ጎልድራት የሚባል እስራኤላዊ የፊዚክስ ሰው የፃፈው። የሚገርመው ልብወለድ ነው። አሌክስ ሮጎ የሚባል የፋብሪካ ስራ አስኪያጅ በሶስት ወር ውስጥ ፋብሪካውን ካላስተካከለ ይዘጋል ይባላል፣ ሚስቱም ቤት ጥላለት ትሄዳለች (ይሄኛውን ሳነብ ሳቅም እንባም መጣብኝ፣ የማታ ስራ ያለው ሰው ይገባዋል)። መሀል ላይ ልጁን ይዞ ከስካውት ልጆች ጋር የእግር ጉዞ ይወጣል፣ ሰልፉ በየደቂቃው ይበጣጠሳል፣ ከፊት ያሉት ጠፍተዋል፣ ከኋላ ያሉት ተደራርበዋል። ምክንያቱ ሄርቢ የሚባል ወፈር ያለ ልጅ ነው፣ ከሁሉም ቀርፋፋ እሱ ነው። አሌክስ ሄርቢን ከፊት ያደርገዋል፣ ቦርሳውን ሲከፍት መጥበሻ ሳይቀር ተሸክሟል፣ እቃውን ለሌሎቹ ያከፋፍለውና ሰልፉ ሁሉ ይፈጥናል። ፈጣኖቹን ማፍጠን ምንም ጥቅም የለውም፣ ሰልፉ የሚሄደው በሄርቢ ፍጥነት ነው።

እኔ ይሄን ሳነብ መፅሀፉን ዘግቼ በዛው ሌሊት ወርክሾፕ መሄድ ነው ያማረኝ። ምክንያቱም ከዛ በፊት በነበረው ወር ሁለተኛ መጋዝ ገዝቼ ነበር፣ ቆራጮቹ እንዲፈጥኑ ብዬ፣ እነሱም ፈጠኑ፣ ውጤቱ ምን ሆነ? ቀለም ቤቱ በር ላይ ያልተቀባ የአልጋና የቁምሳጥን ክምር ሰው ማሳለፍ እስኪያቅተው ድረስ ተቆለለ። ሄርቢያችን ቀለም ቤት ነበር። ቀለም ቤት ደግሞ ሁለት ሰው ነው ያለው፣ ምሳ ሲወጡ ይዘጋል፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፕረሰሩ ይቆማል፣ ከዛ ሁሉ በላይ ግማሽ ቀናቸው በደንብ ያልተሞረደ እንጨት እንደገና ሲሞርዱ ነው የሚያልፈው። አንድም ማሽን ሳንገዛ ሶስት ነገር አደረግን፣ ሞረዳው ተፈትሾ ካላለፈ ቀለም ቤት አይገባም፣ ምሳ በተራ ነው የሚወጣው፣ ጀነሬተሩ መጀመሪያ የሚያገለግለው ኮምፕረሰሩን ነው። ርክክብ ከሶስት ሳምንት ወደ አስራ ሁለት ቀን ወረደ። ሁለተኛውን መጋዝ በኪሳራ ሸጥኩት።

ስፌት ቤት ላይ ሄርቢ ምናልባት ቁልፍና ቁልፍ ቀዳዳ የምትሰራዋ ልጅ ናት፣ ዳቦ ቤት ላይ ምድጃው ነው፣ ክሊኒክ ላይ ካርድ ክፍል ሊሆን ይችላል፣ ቢሮ ላይ ደግሞ (ይሄን መቀበል ያማል) አብዛኛውን ጊዜ ፊርማውን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። የሚታወቅበት ቀላል መንገድ አለው፣ ክምሩ ማን ጋር ነው? በሩ ላይ ስራ የተቆለለበት ሰው ወይ ማሽን እሱ ነው።

በነገራችን ላይ ካይዘንም (ስራን ትንሽ በትንሽ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ተምረናል፣ አምስቱን ማዎች (ማጣራት፣ ማፅዳት እያሉ የሚቀጥሉትን የስራ ቦታ ደንቦች) በትልቁ አሳትመን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል፣ አሁን ግማሹ በቀለም ተረጭቷል። ካይዘንን ከምንጩ ማንበብ የሚፈልግ የቶዮታውን የታይቺ ኦኖን መፅሀፍ ይፈልግ፣ ቀጭን ናት፣ አንድ ችግር ላይ አምስት ጊዜ "ለምን" ማለትን ከሱ ነው የተማርኩት። ቀለሙ ለምን ተላጠ፣ እንጨቱ እርጥብ ስለነበር፣ ለምን እርጥብ ሆነ፣ ውጪ ስላደረ፣ እያላችሁ ስትወርዱ መጨረሻ ላይ የምታገኙት ሰነፍ ሰራተኛ አደለም፣ ያልተሰራ ጣሪያ ነው።

ችግራችሁ ስራ ሳይሆን ሰው ከሆነ፣ ማለትም ሱፐርቫይዘር ሾማችሁ ግን አሁንም ሁሉም ጥያቄ እናንተ ጋር የሚመጣ ከሆነ፣ ሃይ አውትፑት ማኔጅመንትን አንብቡ። የፃፈው አንዲ ግሮቭ ነው፣ ከሀንጋሪ ከ1956ቱ አመፅ በኋላ ተሰዶ አሜሪካ የገባ፣ በኋላ ኢንቴልን የመራ ሰው፣ መፅሀፉ በ1983 ነው የወጣው፣ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። የሚጀምረው በቁርስ ነው፣ ሶስት ደቂቃ የሚቀቀል እንቁላል፣ በቅቤ የተቀባ ቶስትና ቡና እኩል ትኩስ ሆነው ጠረጴዛ ላይ እንዲደርሱ ከየትኛው ይጀመራል እያለ ፋብሪካን ያስረዳችኋል። እኔን የቀየረኝ ግን አለቃ የሚለካው እሱ በሰራው ሳይሆን ስር ያሉት ሰዎች ባወጡት ነው የሚለው ነው። እኔ ደግሞ ጎበዝ አናፂ ነኝ፣ አንድ ልጅ ሲያበላሽ ነጥቄ እራሴ እሰራዋለሁ፣ ደስ ይለኛልም፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ ያያል። ያ ማለት የሁለት ሰው ደሞዝ ለአንድ ስራ እየከፈልኩ ነው።

ግሮቭ ከእያንዳንዱ የስራ መሪ ጋር ለብቻ ተገናኝታችሁ አንድ ሰአት ያህል አውሩ፣ ስብሰባውም የእናንተ ሳይሆን የእሱ ይሁን ይላል። እዚ ላይ ሀገራችንን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሶስት ሳምንታት ፎርማኑን ቢሮ አስቀምጬ "እሺ ምን ችግር አለ?" ስለው "ምንም የለም ጋሼ፣ ሁሉም ሰላም ነው" እያለ ሰአቱን እያየ ነው ያለቀው፣ ቢሮ መጠራት ለሱ መቀጣት ነው፣ አለቃ ፊት ችግር መናገር ደግሞ ሰው ማስበላት ነው የሚመስለው። አራተኛው ሳምንት ላይ ወጥተን ማኪያቶ ጠጣን፣ መጀመሪያ እኔ ያበላሸሁትን ነገር ነገርኩት፣ በዋጋ ተሳስቼ በኪሳራ የወሰድኩትን አንድ ስራ። ከዛ እሱም ተናገረ፣ ስድስት ወር የማላውቀውን ነገር፣ ስቶር ውስጥ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) በየሳምንቱ እንደሚጎድል። ስለዚ ዘዴውን ውሰዱ፣ ወንበሩን ግን በረንዳ ላይ አውጡት።

የራሳችሁን ቀን የት እንደምታጠፉት ካላወቃችሁ የፒተር ድራከር ዘ ኢፌክቲቭ ኤግዚኪዩቲቭ አለ፣ የ1967 መፅሀፍ ነው (የውጪዎቹን አመቶች ሁሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው)። ሌላው ቢቀር ስለ ጊዜ የሚያወራውን ምእራፍ አንብቡ። የሚለው ቀላል ነው፣ ጊዜዬን እንዲህ ነው የማጠፋው ብላችሁ ከምታስቡት ላይ አትነሱ፣ ሶስት አራት ሳምንት እየፃፋችሁ ያዙና እዩት። እኔ ሁለት ሳምንት ነው የቻልኩት፣ ከሳምንቱ ወደ አስራ አንድ ሰአት የሚጠጋው ቪስ፣ ማጠፊያና ሙጫ ለመግዛት መርካቶ ስመላለስ የሚሄድ ሆኖ አገኘሁት። አስራ አንድ ሰአት! አሁን ሳምንት አንድ ቀን አንድ ልጅ ዝርዝር ይዞ ይሄዳል።

ብር ላይ ለታመመ ሰው፣ ማለትም ሽያጩ እያደገ ኪሱ ባዶ ለሆነ፣ የናይኪው ፊል ናይት ሹ ዶግ። ብዙ ሰው የሚያነበው እንደ ጀግና ታሪክ ነው፣ እኔ ግን እንደ ካሽ ታሪክ ነው ያነበብኩት። በ1964 ከድሮ የሩጫ አሰልጣኙ ጋር አምስት አምስት መቶ ዶላር አዋጥተው ከጃፓን ጫማ ማስመጣት ጀመሩ፣ ሽያጩ በየአመቱ ሲያድግ የተሸጠው ብር በሙሉ ለሚቀጥለው ትዛዝ ነው የሚሄደው፣ ባንክ ውስጥ የሚቀር የለም፣ ባንኩ ቀስ በል ይላል እሱ አይልም፣ 1975 ላይ ቼካቸው ተመልሶ ባንኩ አባረራቸው፣ ያተረፋቸው እዳቸውን የከፈለላቸው የጃፓን የንግድ ድርጅት ነው። እየሸጡ መክሰር ማለት ምን እንደሆነ እንደዚ በግልፅ ያየሁበት የለም። በዱቤ ለሆቴልና ለሪል እስቴት የምታስረክቡ ሰዎች በተለይ አንብቡት፣ ከዛ የእናንተን ቁጥር ቁጭ ብላችሁ አስሉ፣ ለእቃ ከከፈላችሁበት ቀን ብሩ እስከሚመለስበት ቀን ስንት ቀን ነው? የኛ 74 ቀን ነበር፣ ደሞዝ ደግሞ በየ30 ቀኑ ነው። (ናይት መጀመሪያ ያስመጣው የኦኒትሱካን ጫማ ነው፣ አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ ካሸነፈ በኋላ በ1961 ኦሳካ ላይ ሲሮጥ ያደረገው የዛን ድርጅት ጫማ ነበር። ለስራው ምንም አይጠቅማችሁም ግን ደስ ይላል።)

ኪራይ ቤት ላይ ያላችሁ ደግሞ የዋልማርቱን የሳም ዋልተንን የህይወት ታሪክ፣ ሜድ ኢን አሜሪካን፣ የመጀመሪያዎቹን ምእራፎች ሳታነቡ ውል አትፈርሙ። ሰውዬው በ1945 አርካንሳስ ውስጥ ኒውፖርት በምትባል ትንሽ ከተማ በ25 ሺ ዶላር ሱቅ ገዛ፣ ከዚ ውስጥ 20 ሺው ከአማቱ የተበደረው ነው፣ አምስት አመት ለፍቶ በአካባቢው አንደኛ ሱቅ አደረገው፣ ውሉ ሲያልቅ አከራዩ አላድስም አለ፣ ሱቁን ለልጁ ፈልጎታል። ዋልተን ውሉ ላይ የማደስ መብት የሚል አንቀፅ አላስገባም ነበር፣ በከተማው ደግሞ የሚሄድበት ሌላ ቤት አልነበረም። ይሄ ታሪክ ቦሌም መገናኛም ፒያሳም ያለ ነው፣ ሰው ቤቱን በራሱ ብር አድሶ፣ ደንበኛ አልምዶ፣ ሁለት አመት ሲሞላው "ልጄ ከውጪ መጥቷል" ይባላል። የዋልተን ጥቅሙ ከዛ በኋላ ምን እንዳደረገ ማየት ነው፣ ቤንቶንቪል ሄዶ እንደገና ጀመረ፣ የመጀመሪያው ዋልማርት 1962 ላይ ነው የተከፈተው።

የሚወደሱትን ሁሉ ግን አትመኑ። ጉድ ቱ ግሬት 2001 ላይ ሲወጣ ታላቅ የሆኑ ብሎ 11 ኩባንያ መርጦ ነበር፣ ከነሱ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ሰርኪት ሲቲ 2008 ላይ ከሰረ፣ የቤት ብድር ድርጅቱን ፋኒ ሜይን በዛው አመት የአሜሪካ መንግስት ተረከበው። መፅሀፉ ውስጥ ጥሩ ሀሳብ የለም አላልኩም፣ ግን አሸናፊ ሰብስቦ "ለምን አሸነፉ" ብሎ ወደኋላ መፈለግ አደጋ አለው፣ ያንኑ አድርገው የጠፉት አይታዩማ። እኔ ስለዚህ ሰውየው ስህተቱን በቁጥር የሚናገርበትን መፅሀፍ ነው የምመርጠው።

ከራሳችን የነጋድራስ ገብረህይወት ባይከዳኝን መንግስትና የህዝብ አስተዳደር አንብቡ፣ ከሞተ በኋላ በእኛ አቆጣጠር በ1916 ነው የታተመው። ድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ የሰራ ሰው ስለሆነ እቃ ሲገባና ሲወጣ በአይኑ አይቷል፣ ጥሬ እቃ ልኮ የተሰራ እቃ የሚገዛ ህዝብ በእያንዳንዱ ልውውጥ ድካሙን እየሰጠ እንደሚሄድ፣ እውቀት የሌለው ስራም ሀብት እንደማይሆን ከመቶ አመት በፊት ፅፎታል። አማርኛው መጀመሪያ ይከብዳል፣ አስር ገፅ ታገሱት። እኔ ያደረግኩት ነገር ትንሽ ነው፣ ከውጪ የምናስገዛቸውን እቃዎች ዘርዝሬ የትኛውን እዚሁ መስራት እንችላለን አልኩ፣ የጠረጴዛ ብረት እግር ሙሉ በሙሉ እኛ ጋር ገባ።

አነባበቡ ላይ ብዙ አልልም። ጠዋት ስልክ ሳልከፍት 15 ገፅ፣ በእርሳስ፣ የጀርባ ሽፋኑ ላይ አንድ ጥያቄ ፅፌ ነው የምጀምረው፣ ጥያቄው ካልተመለሰ በመቶኛው ገፅ ላይ እተወዋለሁ፣ ምንም ሀፍረት የለውም። ትራፊክ ላይ በጆሮ መስማት ለናይትና ለዋልተን ይሆናል፣ ለግሮቭ አይሆንም፣ እሱ እርሳስ ይፈልጋል። መግዛት የከበደው ወመዘክርና አብርሆት ቤተ መፃህፍት ቁጭ ብሎ ማንበብ ይችላል። አንድ መፅሀፍ ስትጨርሱ ሌላ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ቀይራችሁ ሁለት ሳምንት እዩት፣ እኔ ይሄን ህግ ካወጣሁ ወዲህ በአመት የማነበው ከሀያ ወደ አምስት ወርዷል።

ሰራተኞቻችሁ እንግሊዝኛ አያነቡም ብላችሁ ደግሞ አትተዉት። የሄርቢን ታሪክ ቡና ሰአት ላይ እንደ ተረት ነው የነገርኳቸው፣ መጥበሻው ጋ ስደርስ ቀለም ቀቢው ሳቀና "እኛም ቦርሳ ውስጥ ሰው የከተተብን ብዙ አለ" ብሎ ያ የሞረዳ ነገር የወጣው ከዛ ነው። አሁን ስራ የተቆለለበት ሰው "ዛሬ ሄርቢ እኔ ነኝ" ብሎ ይጮሃል፣ ሰውም ሄዶ ያግዘዋል።

እና ዘ ጎልን ስትገዙ ሁለት ኮፒ ግዙ። የኔን ፎርማኑ ከወሰደው ሰባት ወር ሆነው፣ ለእህቴ ልጅ ሌላ መግዛት ነበረብኝ።